ሦስተኛው ደብተር

ሬሳውን ያነሳው ሚደቅሳ ነበር፤ ጥፋቱም ያ ብቻ ነበር።

ሐምሌ ስድስት ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ እንጨት ሲፈልጥ ውሎ ዝናቡ ሲያባርረው ወደ ማደሪያው ተመለሰ። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ አቶ ወልደ ሚካኤል ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር የሚኖረው። የሽማግሌው በር ገርበብ ብሎ አየና ደህና መሆናቸውን ሊጠይቅ ገባ። አቶ ወልደ ሚካኤል ከጽሕፈት ጠረጴዛቸው ሥር ተደፍተዋል። አቅፎ አነሳቸው፤ ደማቸው ጋቢውን አራሰው፤ ከዚያ ኡኡ አለ። ከጎረቤት ቀድመው የደረሱት የጣሊያን ወታደሮች ነበሩ። ጋቢው ደም ነክቶታል፣ መጥረቢያ ይዟል፣ ጠያቂ ዘመድ የለውም፤ ከዚህ የተመቸ ነፍሰ ገዳይ ከየት ይገኛል!

"ቅዳሜ በገበያ ሰዓት ይሰቀላል" አለ ማርሻሎው፣ የሰፈሩ ጣቢያ አዛዥ። "ወረቀቱን አንተ ታዘጋጃለህ።"

አንተ የተባለው ባሻ ሸዋንግዛው ነው። በንጉሡ ጊዜ የአራዳ ዘበኛ መርማሪ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ታሰረ፤ ሚያዝያ ላይ ከእስር አውጥተው "ወይ ትሠራልናለህ፣ ወይ ትሰቀላለህ" አሉት። ሠራ። ከዚያ ቀን ወዲህ ንዴት ሆዱ ውስጥ ቤት ሠርቷል። መጀመሪያ የሚናደደው በጣሊያን ላይ ነበር፤ እያደር ግን መስተዋት ውስጥ በሚያየው፣ ዩኒፎርም በለበሰው ሰውዬ ላይ ዞረ። አቶ ወልደ ሚካኤልም መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላም አይሉትም ነበር። ከአጥራቸው ወዲያ ያለው አመድ የእህቱ የሠርካዲስ ቤት ነው። በየካቲቱ እልቂት ከነሕፃን ልጇ ውስጡ ነደደች። እሱ ያኔ እስር ቤት ነበር። ማን እንደጠቆመባት እስከዚያች ዕለት አላወቀም።

የሽማግሌውን ክፍል ዞሮ አየ። መጥረቢያው ደረቅ የእንጨት ብናኝ እንጂ ደም የለበትም። አልጋው ሥር ሽማግሌው ወረቀት የሚጫኑበት የወንዝ ድንጋይ ወድቋል፤ ሽበት ተጣብቆበታል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የተነከሰ እርሳስ፣ ከጎኑ ያልተከፈተ አዲስ የቀለም ጠርሙስ። መደርደሪያው ላይ አቧራው መሀል ሁለት ንጹሕ ቦታዎች አሉ፤ ሁለት ትልልቅ ደብተሮች ተነስተዋል። ግድግዳው ላይ የቆዳ ማኅደር ተንጠልጥሏል። አብሮት የገባው ወታደር ገልጦ የዓረብ ፊደል ሲያይ "ኮራኖ!" ብሎ መለሰው። ሸዋንግዛውም አየና የሰው አደራ ኪታብ ነው ብሎ እዚያው ተወው። በኋላ ላይ ለዚህች ስንፍናው ራሱን ሲሰድብ ከርሟል።

"ማርሻሎ፣ መጥረቢያው ንጹሕ ነው" አለ፣ እስር ቤት በዱላ በተማረው ጣሊያንኛ። "መጥረቢያ የያዘ ሰው ድንጋይ ምን ያደርግለታል?"

"አንድ የአገሬው ሰው ሌላውን ገደለ። ሊቅ አትሁንብኝ። ቅዳሜ!"

ሸዋንግዛው ጥርሱን ነክሶ ወጣ።

*

ሚደቅሳ በጣቢያው ጓዳ እጁን ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል። ፊቱ አብጧል።

"ስታነሳቸው ምን ነበሩ?" አለው ሸዋንግዛው።

"ይሞቁ ነበር ጌታዬ። እንጀራ ከምጣድ እንደወጣ አይደለም፣ ግን ይሞቁ ነበር።"

"ሰው አየህ?"

"ዝናብ ነው፣ ማን ይታያል? ደግሞ ቀብር ነበር፤ ግቢው በር ላይ ጃንጥላ ብቻ ነው የሚያልፈው።" ቀና አለ። "ጌታዬ፣ ሰው ወድቆ እያየሁ ትቼ መሄድ ነበረብኝ ወይ?"

ሸዋንግዛው ፊቱን ወደ በሩ መለሰ። ይህን የመሰለ ጥያቄ ለሚጠይቅ ሰው ገመድ የሚያዘጋጅ ወረቀት እኔ ነኝ የምጽፈው ብሎ አሰበና ደሙ ፈላ።

*

ጎረቤቶች የሰጡት ወሬ አንድ ነው፦ እሑድ ዕለት የሽማግሌው የእህት ልጅ ፀዳለ "ደብተሮቹን አቃጥላቸዋለሁ!" እያለች ስትጮህ ተሰምታለች። ፀዳለ አራዳ ለአንድ ጀርመናዊ ነጋዴ ደብዳቤ ትጽፋለች። ጀርመንኛውን ያስተማሯት አጎቷ ናቸው።

ለቅሶ ቤት አገኛት። ከል ለብሳለች፤ ስታየው ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

"የጣሊያን ባሻ ለቅሶ ሊደርስ መጣ?"

"ገዳዩን ፍለጋ ነው የመጣሁት።"

"ይዛችሁት የለም እንዴ?"

"እሱ አይደለም" አለ ሸዋንግዛው። "ቅዳሜ ግን እሱ ነው የሚሰቀለው። የምታውቂውን ካልነገርሽኝ ያ ምስኪን በከንቱ ይሞታል። ምን ደብተር ነው?"

ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያ ነገረችው። አጎቷ በልጅነታቸው ከመነኩሴ ዘመዳቸው ጋር ኢየሩሳሌም ሄደው ያኔ ከሚገዙት ከቱርክ ጸሐፊዎች ቱርክኛ፣ ከሚስዮኖች ጀርመንኛ፣ እንግሊዞች ሲገቡ ደግሞ እንግሊዝኛ ተምረዋል። ሀገራቸው ተመልሰው አሥራ አምስት ዓመት በአስተርጓሚነት ኖሩ። በስተርጅና አንድ ሥራ ይዟቸው ነበር፤ ሰው ሲመርጥና ሲያስመርጥ የሚናገርባቸውን ቃላት፣ እነ 'ወይም'ን፣ እነ 'ወይስ'ን፣ እነ 'ወይ'ን፣ በሦስቱ ቋንቋ ማዘጋጀት።

"ለአንዲት ቃል ሦስት ደብተር?"

"እኔም እንደዚያ ነበር የምላቸው። 'እንግሊዝና ጀርመን አንድ ቃል ይበቃቸዋል፤ ኦርና ኦደር ብለው ይገላገላሉ። ቱርኮች ግን እንደኛ ናቸው፣ ሲጠይቁ ሌላ፣ ሲናገሩ ሌላ' ይሉኝ ነበር። ትርጉሙ ብቻ ቢሆንማ ምን ነበረበት! ምሳሌዎቹ ናቸው ጣጣ ያመጡት። ከራሳቸው ፈጥረው ምሳሌ አይጽፉም። ከሰው አፍ የወጣ፣ እሳቸው በጆሯቸው የሰሙት መሆን አለበት። በዚህ ዘመን ደግሞ ሰው ሰውን የሚያስመርጠው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።"

"በአማርኛ ይጽፉት ነበር?"

"አማርኛው በጭንቅላታቸው ነው። ደብተሩ ላይ የፈረንጁ ብቻ ነው ያለው፤ ያውም ቀለሙ ወደ ጀርባው ስለሚያልፍ በአንድ ገጽ ብቻ። ሌላ ደንብም አላቸው። ምሳሌውን በንጹሕ ከመገልበጣቸው በፊት ተናጋሪው ዘንድ ሄደው 'ያልከው እንዲህ ነበር ወይ?' ብለው ያስመሰክራሉ። እሑድ የተጣላነው ለዚህ ነው። 'የሰውን ቃል ወስዶ አለማስመስከር ስርቆት ነው' አሉኝ። እባክዎ ዓለሙ ተቀይሯል፣ ይገድሉዎታል አልኳቸው። ሳቁብኝ።"

"ማክሰኞ ከስድስት እስከ ዘጠኝ የት ነበርሽ? ነጋዴው በስድስት ወጥታለች ብሏል።"

ጥያቄውን ትታ ወደ ለቀስተኞቹ ዞረች።

"ሁለት ደብተሮች ተወስደዋል። ሦስተኛው የት አለ?"

"አላውቅም።"

መዋሸቷ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ሸዋንግዛው ስሟን ለማርሻሎው ቢሰጥ ሚደቅሳ ምናልባት ይፈታ ነበር፤ እሷ በምትኩ ትገባ ነበር። ጣሊያን ቤት ፍትሕ ማለት ማንን በማን እንደምትለውጥ ማወቅ ነው። ወረቀቱን ሳይጽፍ አደረ።

*

ረቡዕ የቀለሙን ጠርሙስ ይዞ ተክለ ሃይማኖት ወረደ። ወረቀት፣ ቀለም፣ ሻማና ቅመም የሚሸጠው አቶ ደጉ የልደታ ሰው ነው፤ ለሠርካዲስም ለአቶ ወልደ ሚካኤልም ጎረቤት ነበር። የደጉ ሱቅ ከቃጠሎው በኋላ ከአንድ በር ወደ ሦስት በር አድጓል።

"ባሻዬ! ግባ፣ ግባ ከዝናቡ።" ደጉ በርጩማ ሳበለት። "ወይኔ ወልደ ሚካኤል! እንዲያ ያለ ሰው በእንጨት ፈላጭ እጅ!"

"ሽማግሌውን መቼ ነው ያየሃቸው?"

"ሁለት ሳምንት ይሆነኛል።"

"ይህ ቀለም ካንተ ሱቅ ነው?"

ደጉ ጠርሙሱን ሳይነካ አየው። "ቀለም ካለቀብኝ ወር አለፈኝ። አርመኖቹን ጠይቅ።"

"ማክሰኞ ከሰዓት የት ነበርክ?"

"ቀብር። መቶ ሰው አይቶኛል። እዚያው ልደታ።" ሸዋንግዛው ሲያስለው አየና ቁንዶ በርበሬ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ጨመረለት። "በማር አድርገህ ውሰድ። አትከፍለኝም። ለሠርኬ ስል። እኔ እኮ ለእሷ እንደ ወንድም ነው ለቅሶ የተቀመጥኩ፤ አንተ ባትኖር እኔ ነበርኩ።"

ሸዋንግዛው አመስግኖ ወጣ። የእህቱ ስም በዚያ ሰው አፍ ውስጥ ለምን እንደቆረቆረው አልገባውም።

ከቀብሩ ሰዎች አምስቱን ጠየቀ። ሁሉም ደጉን መቃብሩ አጠገብ አይተውታል። ከዚያ ሐዘንተኛው ቤት ሄደው እጅ ሲታጠቡና ንፍሮ ሲቀምሱ ግን አንዳቸውም አላዩትም። "ዝናብ ስለነበር ወደ ቤቱ ሄዶ ይሆናል" አሉ። ይሆናል። ከቀብር ተመልሶ ንፍሮ ሳይቀምስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የልደታ ሰው ግን ሸዋንግዛው አያውቅም። መቃብሩና የአቶ ወልደ ሚካኤል በር መሀል ሃምሳ እርምጃ የለም።

ይህም ሆኖ አንድ የንፍሮ ጉዳይ ይዞ ማርሻሎው ፊት ቢቆም ምን እንደሚባል ያውቃል።

*

ሐሙስ ጠዋት ወታደሮቹ ፀዳለን በታሸገው ቤት ውስጥ ያዟት። ማኅደሩን አቅፋ ልትወጣ ስትል ነው። ሸዋንግዛው ወታደሮቹን አባረራቸውና በሩን ዘጋ።

"የእስላም ኪታብ ምን ያደርግልሻል?"

"ኪታብ አይደለም" አለች። እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ ነው። "ቱርክኛ ነው። እሳቸው በተማሩበት በድሮው ፊደል። ቱርኮቹ ራሳቸው ትተውታል፤ እሳቸው አልተውም። የተናጋሪው ስምና ቀኑ እዚህኛው ላይ ብቻ ነው ያለው፤ ማንም አያነበውም ብለው።"

ሸዋንግዛው በግንባሩ ግድግዳውን መታ። ገዳዩም ልክ እንደሱ ነው ያደረገው! በፈረንጅ ፊደል ያሉትን ሁለቱን ይዞ ሄደ፤ ይህንን ቁርአን ነው ብሎ ተወው። ገዳይና መርማሪ በአንድ ድንቁርና ተገናኙ።

"አንቺ ታነቢዋለሽ?"

"አልችልም። የምታነበው እትዬ መይሙና ናት። ማክሰኞም እዚያ ነበርኩ፤ አጎቴ ትርጉሙን እንድታርምላቸው ይልኩኝ ነበር። ስሟን ለጣሊያን ባሻ አልሰጥም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው" አለች።

*

ወይዘሮ መይሙና ተክለ ሃይማኖት ከገበያው ጀርባ የሚኖሩ የሐረር ሴት ናቸው። ባላቸው የኢስታንቡል ሰው ነበሩ፤ ሞተዋል። መነጽራቸውን በክር ጆሯቸው ላይ አስረው ማኅደሩን ተቀበሉ፤ ዩኒፎርሙን ግን ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

"ባሻ ነው የሚሉህ? እሱም ከባሌ ወገን ከቱርኮቹ የመጣ ስም ነው። ጣሊያን አልሰጠህም።"

"እማማ፣ የመጨረሻዋን ገጽ ያንብቡልኝ።"

"ይቺ በእርሳስ ናት። ቀለም አልነበረውም መሰለኝ።"

"አልነበራቸውም" አለች ፀዳለ። "ሰኞ ነግረውኝ ነበር፣ የሚያመጣልኝ ሰው አለ ብለው።"

መይሙና መጀመሪያ ለራሳቸው አነበቡ። ፊታቸው ተለወጠ። ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው "ላንብበው ልጄ?" አሉ።

"ያንብቡ።"

"'የካቲት አሥራ ሦስት፣ ቅዳሜ። ከአጥሩ ወዲህ ተደብቄ የሰማሁት። ወርቅሽን ትሰጪኛለሽ ወይስ ቤትሽን ላሳያቸው? ተናጋሪው ባለሱቁ ደጉ። መልስ፣ ወርቁን እንካ፣ ልጄን ብቻ አታስነካብኝ። ተናጋሪዋ ሠርካዲስ። ወርቁን ተቀበለ። ቤቱንም አሳያቸው።'"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። 

"ከሥሩ 'አልተመሰከረበትም' ይላል" አሉ መይሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "'ማክሰኞ ከቀብር መልስ ቀለም ይዞልኝ ይመጣል። ያኔ እጠይቀዋለሁ።'"

ሸዋንግዛው እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። የቁንዶ በርበሬው ጥቅል እጁ ላይ መጣ። አወጣው፣ ፈታው፣ በርበሬውን መሬት ላይ በተነው። የወረቀቱ አንድ ገጽ ባዶ ነው። ሌላኛው በደቃቅ የእጅ ጽሕፈት ተሞልቷል።

ፀዳለ ከእጁ ነጠቀችው። "የአጎቴ ጽሕፈት ነው! ጀርመንኛው!"

ያ ስስታም ሰው ገድሎ የዘረፈውን ወረቀት እንኳ ማቃጠል አልሆነለትም። ጀርባው ንጹሕ ነው፤ ቅመም ይጠቀለልበታል። ለሟቿ ወንድም ጠቅልሎ ሰጠው፤ ለሠርኬ ስል ብሎ!

ሸዋንግዛው ሊወጣ ሲነሳ መይሙና እጁን ያዙት። "ሌላም አለች፤ ያንተ ስም አለባት። 'ሸዋንግዛው የእኛ ነው ወይስ የእነሱ? ተናጋሪ፣ እኔው ራሴ።' መልሱ ባዶ ነው።"

*

ደጉ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነበር። ሸዋንግዛው በሩን ከኋላው ዘጋው።

"ወርቋን ከተቀበልክ በኋላ ለምን አሳየሃቸው?"

ደጉ መጀመሪያ ሊስቅ ሞከረ፤ የባሻውን ፊት ሲያይ ተወው። ከዚያ ፍርሃቱ ቀስ እያለ ከፊቱ ላይ ጠፋ፤ ይህም ሸዋንግዛውን ከምንም በላይ አበሸቀው።

"ለማን ልትነግር ነው?" አለ ደጉ። "ለማርሻሎህ? ቤት እንዳሳይ የላከኝ እኮ እሱ ነው! ካላሳየሁ የኔ ሱቅ ነበር የሚነደው። ያ ሽማግሌ ደግሞ አምስት ወር ሙሉ ሰምቶ ዝም ብሎ ከርሞ፣ ጠርቶ 'ያልከው እንዲህ ነበር ወይ?' ይለኛል። በፈረንጅ ቋንቋ ጽፌዋለሁ አለኝ። እንደ ንስሐ አባት እያየኝ! ምን ላድርግ?"

"ድንጋይ አነሳህ።"

"ገዳዩ ተይዟል ባሻ። ቅዳሜ ያልቃል። አንተም እኔም የአንድ ሰው እንጀራ ነው የምንበላው።"

ሸዋንግዛው አንገቱን ያዘው። ያዘና ጨመቀ። የደጉ ዓይኖች ፈጠጡ። ያን ጊዜ የሚደቅሳ ጥያቄ መጣችበት፤ ይህን ሰው እዚህ ቢገድለው ለሚደቅሳ የሚመሰክር አይኖርም፣ ቅዳሜም እንዳለች ናት። እጁን አላቀቀ። እጁን እንደማላቀቅ የከበደው ነገር የለም።

ባንኮኒው ላይ ለመጠቅለያ የተቆረጡ ወረቀቶች ተከምረዋል። ገለጣቸው። ፀዳለ ያወቀችውን ገጽ የሚመስለውን ጀርመንኛውን በብብቱ ሸሸገላት። እንግሊዝኛውን እንዳለ እጁ ላይ ይዞ፣ ደጉን ከውጭ ቆልፎበት ወጣ።

*

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ ማርሻሎው።

"የእንግሊዝ ጽሑፍ። ከደጉ ሱቅ። ሽማግሌው እንግሊዝኛ ያነብ ነበር፤ ደርሶበት ነው የተገደለው።"

ማርሻሎው ፊቱ ቀላ። ወረቀቶቹን አገላበጠ፤ አንዲት ቃል አያነብም። "ደጉ የኛ ሰው ነው!"

"ለዚህ ነው ማንም ያልጠረጠረው።"

"እንጨት ፈላጩስ?"

"እሱን ከሰቀልክ ደጉ ንጹሕ ነው ብለህ ፈረምክ ማለት ነው። አለቆችህ ይህን ወረቀት ሲያዩ ማን እንደፈረመ ይጠይቃሉ።"

ማርሻሎው ብዕሩን አነሳ። "የክሱ መስመር አንድ ነው። ነፍሰ ገዳይ ነው ወይስ ሰላይ?"

ሸዋንግዛው እውነቱን ያውቃል። አቶ ወልደ ሚካኤልን ገድሏል፤ ሠርካዲስንና ልጇን አስበልቷል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ሦስቱ ነፍሶች ተደምረው አንዲት የቅመም ወረቀት አያህሉም። ነፍሰ ገዳይ ካለ ደጉ ማታ ቤቱ ይገባል፤ ሚደቅሳ ይሰቀላል።

"ሰላይ" አለ።

*

ቅዳሜ በገበያ ሰዓት ደጉ ተሰቀለ። አንገቱ ላይ ያንጠለጠሉት ሰሌዳ "የእንግሊዝ ሰላይ" ይላል። ከተሰበሰበው ሰው አንዳንዱ ጀግና መስሎት ከንፈሩን መጠጠለት፤ አንዲት ሴት "እናትህ ትሙት!" ብላ አለቀሰች። ሸዋንግዛው ያን ሰምቶ ሊያብድ ደረሰ። ሰሌዳውን ቀዶ የእህቱን ስም ሊጮህበት ፈለገ። መጮህ አይችልም። ከንፈሩን እንደነከሰ ከገበያው ወጣ።

መይሙና ቤት ሲደርስ ፀዳለ ከማኅደሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ከእስር የተፈታው ሚደቅሳ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሲያየው እጅ ነሳ።

"ይጻፉልኝ እማማ" አለ ሸዋንግዛው። "ሐሙስ፣ ሐምሌ ስምንት። 'ነፍሰ ገዳይ ነው ወይስ ሰላይ?' ተናጋሪው ማርሻሎው። መልስ፣ 'ሰላይ።' ተናጋሪው ሸዋንግዛው።"

"ተመስክሮበታል ልበል?"

"ውሸት ነው ብለው ይጻፉ። ለማዳን የተዋሸ አይበሉ። ውሸት ብቻ።"

ጻፉ። ከዚያ አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጡና ጣታቸውን ባዶዋ ቦታ ላይ አሳረፉ። "ይቺስ? የእኛ ነው ወይስ የእነሱ?"

ሚደቅሳ ከበሩ ላይ "እኔ ልመልስ ጌታዬ" አለ።

"ዝም በል!" ጮኸበት ሸዋንግዛው፤ ወዲያው ድምፁ ሰለለ። "አንተን መቆጣቴ አይደለም ወንድሜ። የጠየቁት አቶ ወልደ ሚካኤል ናቸው። ፊታቸው ቆሜ ነበር መመለስ ያለብኝ፣ እሳቸው ነበሩ ያልከው እንዲህ ነው ወይ ሊሉኝ የሚገባቸው። ያ ሌባ ይህንንም ይዞብኝ ሞተ።"

 ፀዳለ ተነስታ ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት። ሸዋንግዛው ከነዩኒፎርሙ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ መይሙናም ባዶዋን እንዳለች ትተው ደብተሩን ዘጉት።